መኪናው የት ያድራል? የኤሌክትሪክ መኪና ወጪ በኦክላንድና በሳን ሆዜ



ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በሚደረግ ውይይት ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቀጥሎ «አንዴ ከተሞላ ስንት ማይል ይሄዳል?» ይባላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በኦክላንድና በሳን ሆዜ የአንድን ቤተሰብ ትርፍ ወይም ኪሳራ የሚወስነው ግን እምብዛም የማይጠየቅ ሦስተኛ ጥያቄ ነው፤ መኪናው የት ያድራል? ሶኬት ባለው ጋራዥ ውስጥ የሚያድር መኪናና መንገድ ዳር የሚያድር መኪና ሞዴላቸውና የተሠሩበት ዓመት አንድ ቢሆንም ለባለቤቶቻቸው አንድ ዓይነት መኪና አይደሉም። የመጀመሪያው ገንዘብ ይቆጥባል። ሁለተኛው ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሩቅ ወሬ አይደለም። በቤይ ኤሪያ አውሮፕላን ማረፊያዎች የታክሲና የኡበር ወረፋ ላይ አማርኛና ትግርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ መኪናው መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የሚወጣበት የሥራ ዕቃ ነው። ስለዚህ የመኪና ለውጥ የአየር ንብረት ፖሊሲ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም፤ የደመወዝ ፖሊሲም ነው።

ለውጡን በፈቃደኝነት ላይ ያልተወው ደግሞ ሕጉ ራሱ ነው። በ2018 በሴናተር ናንሲ ስኪነር አቅራቢነት የወጣው ኤስቢ 1014 በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎች ብክለታቸውን እንዲቀንሱ አዘዘ። በዚያ ሥልጣን መሠረት የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ በሜይ 2021 የንጹሕ ማይል ደንብን አጸደቀ። ቦርዱ ያጸደቀው መርሐ ግብር በ2023 በ2 በመቶ ይጀምርና በ2025 ወደ 13፣ በ2026 ወደ 30፣ በ2027 ወደ 50 በመቶ ይወጣል፤ በ2030 እንደ ኡበርና ሊፍት ያሉ ኩባንያዎች ከሚያስነዷቸው ማይሎች 90 በመቶው በኤሌክትሪክ መሆን አለበት ይላል። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ በ2020 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) በ2030 ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚሸጋገሩ በይፋ ቃል ገብተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ግዴታው የተጣለው በኩባንያዎቹ ላይ ነው፤ መኪናው ግን የኩባንያዎቹ አይደለም። ግዴታ ያለበት አካል ሌላ፣ ወጪውን የሚያወጣው አካል ሌላ ሆኗል። ሕግ አውጪዎቹ ይህንን አልዘነጉትም። ኤስቢ 1014 ራሱ የደንቡ አፈጻጸም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሾፌሮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚቀርበው ጥያቄ አዲስ መብት የመፍጠር ጥያቄ አይደለም። በሕጉ ውስጥ በጽሑፍ ያለ ቃል በሥራ ላይ እንዲውል የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ሒሳቡ ግልጽ እንዲሆን ለምሳሌነት የተሳሉ ሁለት ሰዎች ይታሰቡ። ለሁለቱም ቤንዚን በጋሎን 4.75 ዶላር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ፍጆታ በመቶ ማይል 30 ኪሎዋት ሰዓት ይሁን። ይህ ፍጆታ በመሙላት ላይ የሚባክነውንም ይጨምራል።

የመጀመሪያዋ በምሥራቅ ሳን ሆዜ ከባለቤቷ ጋር የራሷ ቤት ያላት ነርስ ናት። በዓመት 12,000 ማይል ትነዳለች፤ አሁን ያላት መኪና በጋሎን 28 ማይል የሚሄድ ተራ የቤንዚን መኪና ነው። ለቤንዚን በዓመት 2,035 ዶላር ገደማ ታወጣለች። ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ብትዞርና በፒጂ ኤንድ ኢ የኤሌክትሪክ መኪና ታሪፍ ዝቅተኛ ሰዓት ብትሞላ በኪሎዋት ሰዓት 30 ሳንቲም አካባቢ ትከፍላለች፤ የዓመቱ ወጪ 1,080 ዶላር ይሆናል። ከ900 ዶላር በላይ ተረፈ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ግዛቱ ከነዳጅ ግብር ይልቅ በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የጣለው ዓመታዊ የመንገድ ክፍያ፣ ከ100 ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ ይቀነሳል። ዘይት መቀየር የለም። በቀን የምትሄደው 40 ማይል ስለማይሞላ ተራው የግድግዳ ሶኬት ይበቃታል፤ ሶኬቱ በሰዓት አራት ወይም አምስት ማይል ቢሰጥ ነው፤ ሌሊቱ ግን ረጅም ነው። ልዩ ቻርጀር ለማስገጠም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ማውጣት ያለባት ይመስላታል፤ የለባትም። ይህ በማኅበረሰቡ ውስጥ በስፋት የሚታይ የተሳሳተ ግምት ስለሆነ መነገር አለበት።

ሁለተኛው በኦክላንድ ከቴሌግራፍ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ አራት ቤት ባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሾፌር ነው። መኪናውን የሚያቆመው መንገድ ዳር ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 40,000 ማይል ይነዳል። መኪናው ደግሞ እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ፕሪየስ ነው፤ በጋሎን 50 ማይል ይሄዳል። የዓመት የቤንዚን ወጪው 3,800 ዶላር ነው። ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ መሙላት ስለማይችል በሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ይጠቀማል፤ ዋጋው እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ ከ50 እስከ 65 ሳንቲም ይደርሳል። በ55 ሳንቲም ቢታሰብ 6,600 ዶላር ነው። በነዳጅ ብቻ በዓመት 2,800 ዶላር ይከስራል። በመቶ ማይል ሲሰላ ፕሪየሱ 9.50 ዶላር፣ በፈጣን ቻርጀር የሚሞላው የኤሌክትሪክ መኪና 16.50 ዶላር ይበላሉ። ሁለተኛው አኃዝ ነርሷ ልትጥለው ካሰበችው አሮጌ የቤንዚን መኪና ወጪ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ሾፌሩ ቤት ቢሞላስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ30 ሳንቲም 3,600 ዶላር ይሆናል፤ ከፕሪየሱ ጋር እኩል ለእኩል ነው ለማለት ይቻላል። በፖሊሲ ሰነዶች ላይ በብዛት የሚታየው ንጽጽር የኤሌክትሪክ መኪናን የሚያስተያየው በጋሎን 25 ወይም 30 ማይል ከሚሄድ መኪና ጋር ነው። ለብዙኃኑ ነጂ ንጽጽሩ ትክክል ነው። በሙያ የሚነዳው ሰው ግን ከዓመታት በፊት በራሱ ሒሳብ ወደ ሃይብሪድ ተሻግሯል። ማንም ሳያስገድደው የነዳጅ ፍጆታውን በግማሽ ስለቀነሰ ከሚቀጥለው ለውጥ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ቀድሞ የቆጠበ ሰው ዘግይቶ ከቆጠበው ያነሰ እንዲያገኝ ያደረገ ስሌት ፍትሐዊ ነው ማለት ያስቸግራል።

አሁን የሁለተኛው ሾፌር ገቢ ዝቅተኛ ሆኖ ኬር በሚባለው የመብራት ቅናሽ ፕሮግራም ተጠቃሚ ነው ይባል። ፕሮግራሙ ከመብራት ሒሳብ ላይ ከ30 እስከ 35 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ሾፌር ቤቱ ሶኬት ቢኖረው መቶ ማይል የሚሄደው ከ6 ዶላር ባነሰ ወጪ ነበር፤ በዓመት 2,340 ዶላር ገደማ። ከፕሪየሱም በላይ በግልጽ ያተርፍ ነበር። ነገር ግን ቅናሹ የተሰጠው ለሰውየው ሳይሆን ለቤቱ ቆጣሪ ነው። ሾፌሩ መኪናውን ይዞ ወደ ሕዝብ ቻርጀር ሲሄድ ቅናሹ ከቤቱ ይቀራል። ገቢው አንድ፣ መኪናው አንድ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰው ኩባንያም አንድ ሆኖ፣ የግድግዳ ሶኬት ማግኘትና አለማግኘት ብቻ ወጪውን ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል።

ሶኬት ላገኘውም ቢሆን ሌላ ወጥመድ አለ። የኬር ደንብ ከመነሻ ፍጆታው 400 በመቶ በላይ የተጠቀመ ቤት ገቢውን በሰነድ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ 600 በመቶ ያለፈ ቤት ደግሞ ፍጆታውን ካልቀነሰ ከፕሮግራሙ ሊወጣ ይችላል። ደንቡ የወጣው ቅናሹን ያለአግባብ የሚጠቀሙትን ለመከላከል ነበር። በወር 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ለመኪና የሚሞላ ሾፌር ግን ከቤተሰቡ ፍጆታ ጋር ተደምሮ ወደዚያ መስመር ይጠጋል። አንዱ የመንግሥት እጅ በኤሌክትሪክ ንዳ ይለዋል፣ ሌላው እጅ ብዙ ኤሌክትሪክ ተጠቀምህ ብሎ ይጠይቀዋል።

ከገንዘቡ ቀጥሎ ጊዜው ይመጣል። 40,000 ማይል በ250 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 160 ማይል ነው፤ ወደ 48 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በአቅም የሚገኘው ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ለምሳሌ ሼቭሮሌ ቦልት፣ በፈጣን ቻርጀርም ቢሆን ከ55 ኪሎዋት በላይ አይቀበልም፤ ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ወረፋው ሳይቆጠር። በዓመት 250 ሰዓት ማለት ከስድስት ሙሉ የሥራ ሳምንት በላይ ነው። በ20 ደቂቃ የሚሞሉ መኪኖች አሉ፤ ዋጋቸው ሌላ ነው። ፕሮፖዚሽን 22 የሚያረጋግጠው ዝቅተኛ ክፍያ የሚሰላው ሾፌሩ ጉዞ ከተቀበለበት እስከሚያደርስበት ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ የማይል ድጎማውም እንዲሁ። በቻርጀር ሥር ያለፈው ሰዓት በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም።

በነገራችን ላይ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ዌይሞ ሰው አልባ ታክሲዎቹን እስከ ሳን ሆዜና እስከ አውሮፕላን ማረፊያዋ አድርሷል። እነዚያ መኪኖች ኤሌክትሪክ ናቸው። የሚያድሩበትና የሚሞሉበት የራሳቸው ግቢ አላቸው። ሾፌር የሌለው መኪና ማደሪያ ተዘጋጅቶለት፣ ሾፌር ያለው መኪና ግን መንገድ ዳር ማደሩ ለአድማጭ መራራ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ለፖሊሲ ባለሙያ ግን ትምህርት አለው። ሒሳቡን በትክክል የሠራ ኩባንያ በመጀመሪያ የገነባው ማደሪያውን ነው።

ወደ መኪናው ዋጋ ሲመጣ ሁኔታው ያን ያህል ጨለማ አይደለም። ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋጋቸው በፍጥነት ስለሚወርድ ለመጀመሪያው ገዢ ኪሳራ የሆነው ለሁለተኛው ገዢ ዕድል ሆኗል። ቦልት እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። በእሳት አደጋ ምክንያት ጄኔራል ሞተርስ በ2021 እስከዚያ የሸጣቸውን ቦልቶች በሙሉ ለጥገና ጠርቶ ነበር፤ በተለይ ከ2017 እስከ 2019 ከተሠሩት ብዙዎቹ አዲስ ባትሪ ተገጥሞላቸዋል። ገዢ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ባትሪው መቀየሩን ሳያረጋግጥ መፈረም የለበትም። በሌላ በኩል የባትሪ ዋስትና በብዛት 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ያበቃዋል። ለነርሷ ስምንቱ ዓመት ቀድሞ ይሞላል። ለሾፌሩ ግን መቶ ሺው ማይል በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አደጋ ብቻውን ይሸከማል። የኢንሹራንስ ክፍያና የጎማ ወጪም በአብዛኛው ከፍ ይላል፤ መኪናው ከባድ ነውና።

ድጎማውን በተመለከተ በ2025 ብዙ በር ተዘግቷል። ለአዲስ መኪና እስከ 7,500፣ ላገለገለ እስከ 4,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አበቃ። ብቻቸውን የሚነዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች በካርፑል መስመር እንዲሄዱ ይፈቅድ የነበረው ተለጣፊም በዚያው ቀን አከተመ፤ በ880 እና በ101 ላይ ጠዋት ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ከዚያ አስቀድሞ በጁን ወር፣ ኮንግረስ ባሳለፈውና ፕሬዚዳንቱ በፈረሙት ውሳኔ፣ ካሊፎርኒያ በ2035 አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች እንዳይሸጡ ለማድረግ የምትደገፍበት የፌዴራል ፈቃድ ተሻረ፤ ግዛቷ በፍርድ ቤት ተቃውማዋለች። ከተሻሩት መካከል የንጹሕ ማይል ደንብ አልነበረም። ውጤቱ እንግዳ ነው። መኪና አምራቹ ላይ የነበረው ጫና ሲላላ፣ ለገዢው የነበረው እርዳታ ሲቀር፣ በደንቡ ላይ እንደተጻፈው ከሆነ የቀረው ጫና ሾፌሩ በሚነዳው ማይል ላይ ያለው ነው።

የቀሩት የግዛትና የአካባቢ ፕሮግራሞች ናቸው። የቤይ ኤሪያ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች አሮጌ መኪናቸውን አስረክበው ወደ ንጹሕ መኪና ሲዞሩ እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ በጀት ሲኖር ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። ጥሩ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን በመተግበሪያ የሚሠራ ሾፌር መኪና በኩባንያዎቹ የዕድሜ ገደብ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ለማስረከብ የሚበቃ ያህል አላረጀም። ለሥራው ሲል መኪናውን አዲስ ያደረገ ሰው በዚሁ ምክንያት ትልቁን ድጋፍ ያጣል።

አገር ቤት የተደረገው ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጃንዋሪ 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያ በፊት በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገው፣ የጉምሩክ ቀረጡ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ እዚያው ለሚገጣጠም ዜሮ ሆኖ ነበር። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ከባድ ሸክም ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ የኃይሉ ዋጋ ከቤንዚን ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ነው፤ በኦክላንድ ግን አይደለም። የአዲስ አበባን ውጤት ሰምቶ «እዚያ ካዋጣ እዚህም ያዋጣል» የሚል ዘመድ ይህንን ልዩነት አይቆጥርም። የሚመሳሰሉበት ነጥብ ግን አለ። በአዲስ አበባም ግቢ ያለው ሰው ሌሊት ሞልቶ ያድራል፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ደግሞ ገመድ ከመስኮት ማውረድ ስለማይችል የቻርጀር ወረፋ ይጠብቃል።

ወደ ቤይ ኤሪያ ሲመለስ፣ የኃይል ዋጋ ልዩነት በከተሞቹ መካከልም አለ። ከሳን ሆዜ ጎን ያለችው ሳንታ ክላራና ከኦክላንድ ማዶ ያለችው አላሚዳ የራሳቸው የከተማ መብራት ድርጅት ስላላቸው ዋጋቸው ከፒጂ ኤንድ ኢ በእጅጉ ያነሰ ነው። በሳን ሆዜም በኦክላንድም ኃይሉን ለነዋሪው የሚገዛ የሕዝብ ድርጅት አለ፤ በሳን ሆዜ ሳን ሆዜ ክሊን ኢነርጂ፣ በምሥራቅ ቤይ አቫ ይባላሉ። ሽቦውና ምሰሶው ግን የፒጂ ኤንድ ኢ ነው፤ ከሒሳቡ ትልቁም ድርሻ የሽቦው ነው። ዝቅተኛው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚጀምረውና እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ የሚዘልቀው ጊዜ በጣም ውድ ነው። ሌሊት ለሚሠራ ሾፌር ይህ መልካም ዜና ነው፤ ተኝቶ እያለ በቀን ሊሞላለት ይችላል። ሶኬት ካለው።

ሶኬቱን ለማግኘት ሕጉ ለተከራይ ምን ይላል? የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1947.6 ተከራይ በራሱ ወጪ ቻርጀር ላስገጥም ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀ አከራዩ እንዲፈቅድ ያስገድዳል። ከአምስት ያነሰ የመኪና ማቆሚያ ባለው ንብረት ላይ ግን አይሠራም፤ ማቆሚያ በኪራይ ውሉ ውስጥ ካልተካተተም አይሠራም። ኦክላንድን የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ወዲያው ይረዳል። ከከተማዋ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ተከራዮች ሲሆኑ፣ ብዙ ሰፈሮቿ በሁለትና በአራት ቤት ሕንፃዎች የተሞሉ ናቸው። ምሳሌ የሆነው ሾፌር በሁለቱም ምክንያት ከሕጉ ውጭ ነው። ሕጉ ቢሸፍነው እንኳ፣ በማይቀጥለው ኪራይ ላይ፣ በሰው ቤት ግድግዳ፣ በራሱ ገንዘብ የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን እንዲያስቀይር መጠበቅ መብት ሰጥቶ መንገዱን መዝጋት ነው። አዳዲስ የአፓርታማ ሕንፃዎች የባትሪ መሙያ ዝግጅት እንዲኖራቸው የሕንፃ ደንቡ ያዛል፤ ሾፌሩ ግን አዲስ ሕንፃ ውስጥ የመከራየት አቅም የለውም።

ከዚህ በመነሳት ለሳክራሜንቶ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርቡት ሐሳቦች በዋናነት ከመኪናው ግዢ ወደ ማደሪያው የሚያዞሩ ናቸው። ከሁሉ በፊት የኬር ቅናሽ ሰውየውን እንዲከተል መደረግ አለበት። በኬር የተመዘገበ ነዋሪ በሕዝብ ቻርጀር ላይ ተመጣጣኝ ቅናሽ የሚያገኝበትን መንገድ የካሊፎርኒያ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን እንዲያዘጋጅ ማዘዝ ይቻላል፤ የብቃት ማረጋገጫው ዝግጁ ስለሆነ አዲስ የገቢ ምርመራ አያስፈልግም። የ400 እና የ600 በመቶው መስመርም ለመኪና የሚውለውን ፍጆታ ለይቶ እንዲያይ ቢሻሻል ወጪው ከወረቀት ሥራ አያልፍም። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ አንቀጽ 1947.6 ነው። የአምስት ማቆሚያ ገደቡን ማንሳት ብቻውን በአነስተኛ አከራዮች ላይ ሸክም ይጥላል፤ ከእነርሱም ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሌላ ምንም የሌላቸው የእኛው ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ይገኙበታል። የሚሻለው ገደቡን ከማንሳት ጋር ለአነስተኛ ሕንፃዎች አነስተኛ ቻርጀር የሚሆን ገንዘብ መመደብ ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። 20 አምፕር ያለው የ240 ቮልት ሶኬት በአሥር ሰዓት ከ100 ማይል በላይ ይሞላል፤ በብዙ አሮጌ ቤቶችም ሙሉ የመብራት ሳጥኑን ሳይቀይሩ ሊገጠም ይችላል። አንድን አዲስ መኪና ለመደጎም በሚወጣው ገንዘብ በርካታ ሶኬቶች ይዘረጋሉ፤ ሶኬቱም መኪናው ሲሸጥ አብሮ አይሄድም።

መንገድ ዳር ለሚያድሩት ሎስ አንጀለስ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማዋ በመንገድ መብራት ምሰሶዎቿ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻርጀሮችን ገጥማለች፤ አምፖሎቹ ወደ ኤልኢዲ ሲቀየሩ የተረፈውን ኃይል ተጠቅማ። የኦክላንድና የሳን ሆዜ ከተማ ምክር ቤቶች ረዳቶች ቦታ ሲመርጡ የሚያዩት ካርታ የቱሪስትና የገበያ ሰፈር ብቻ መሆን የለበትም፤ ሾፌሮች የሚኖሩባቸው መንገዶችም ይግቡበት። የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች የመኪና ማቆሚያዎችም ከእሑድና ከዓርብ ውጭ ባዶ ናቸው። በግዛቱ የንጹሕ ነዳጅ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ቻርጀር ባለቤት የሚሸጥ ክሬዲት ስለሚያገኝ ገቢው ለጥገናው ይረዳል። መጀመሪያ ግን ቻርጀሩን የሚያስተክለው ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አጥቢያዎች ደግሞ የእርዳታ ማመልከቻ የሚጽፍ ሠራተኛ የላቸውም። ማመልከቻው በአማርኛና በትግርኛ ቢቀርብ፣ አንድ የከተማ ሠራተኛም ቢመደብላቸው ያ ችግር ይፈታል።

የቀረው የኩባንያዎቹ ድርሻ ነው። ፕሮፖዚሽን 22ን ለማሻሻል በምክር ቤት የሰባት ስምንተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ በዚያ በር ለመግባት መሞከር ጊዜ ማባከን ይሆናል። በኦክቶበር 2025 የተፈረመው ኤቢ 1340 ግን ከ800,000 ለሚበልጡ የመተግበሪያ ሾፌሮች ተደራጅተው በጋራ የመደራደር መብት ሰጥቷል። በቻርጀር ሥር ያለፈው ሰዓት፣ ከ100,000 ማይል በኋላ ያለው የባትሪ አደጋ፣ በሕዝብ ቻርጀርና በቤት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሊቀርቡ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። ተሟጋቾች እነዚህን ሦስቱን በቁጥር አስደግፈው ከወዲሁ ማዘጋጀት ይችላሉ፤ ለዚህም በእያንዳንዱ ሾፌር እጅ ያለው የአንድ ወር የቻርጀር ደረሰኝ ከየትኛውም ጥናት ይበልጥ ይረዳል።

ለረዳቶቹ የሚቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ ጠባብ ነው። የንጹሕ ማይል ደንብ አፈጻጸም ሪፖርት ወደ ኮሚቴያችሁ ሲመጣ፣ ስንት በመቶ ማይል በኤሌክትሪክ እንደተነዳ የሚገልጸውን ዓምድ ካያችሁ በኋላ፣ ከእነዚያ ሾፌሮች ስንቱ ቤታቸው እንደሚሞሉና ስንቱ በሕዝብ ቻርጀር እንደሚሞሉ የሚገልጽ ሁለተኛ ዓምድ እንዲጨመርበት ጠይቁ።